የጉማሬዋ መንገድ አይታረስም

እልል በሉልኝ፣ መንገዱ ተለቀቀ! ከእንግዲህ ማረሻም ኤክስካቫተርም አይነካውም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመክሮ፣ ጸድቋል። የማን መንገድ ብትሉኝ፣ ባለቤቷ ወሬውን አልሰማችም፤ ብትሰማም ግድ የሚሰጣት አይመስለኝም። ይህን ስጽፍ እሷ ከነልጇ ቆቃ ሐይቅ ውስጥ ተዘፍቃ፣ አፍንጫዋን ብቻ ብቅ አድርጋ ፉፉ ትላለች። ጉማሬ ናት። ደስታው ግን ከእሷ ይልቅ የዲንቄ ነው፤ ምን ያህል አቃጥሏት እንደተገኘ ልንገራችሁ።

ዲንቄ አዳማ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። የተወለደችው ከዓለም ጤና ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ነው። ታናሽ ወንድሟ ኢተፋ እዚያው ቀርቶ ሽንኩርት ያመርታል። ክረምቱ አልፎ ሐይቁ ሲሸሽ፣ ትቶት የሄደውን ጥቁር መሬት ኢተፋና ጎረቤቶቹ ውሃውን እግር በእግር እየተከተሉ ያርሱታል። ጉማሬዎቹ ደግሞ ለግጦሽ የሚወጡት እናቶቻቸው ባሳዩአቸው በዚያው በአንዱ መንገድ ነው። ሽንኩርት ተተከለበት አልተተከለበት ምን ቸገራቸው፤ ረግጠውት ያልፋሉ። ገበሬውም ተናደደና መንገዱ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረ።

አምና አንዷ እዚያ ውስጥ ገብታ መውጣት አቃታት፤ ሞተች። ዲንቄ ለበዓል ቤተሰብ ልትጠይቅ የደረሰችው ያኔ ነበር። ፀሐይ ያሰነጣጠቀውን ጀርባዋን አየችና የቀረበላትን ምሳ ሳትቀምስ ተመለሰች።

ዘንድሮ ኢተፋ ደወለላት። «እትዬ፣ አንዷ ከነልጇ በኔ ማሳ መውጣት ጀምራለች። ሰፈሩ ተስማምቶ ኤክስካቫተር ሊያመጣ ነው። አስቀድሜ የነገርኩሽ፣ በኋላ እንዳትጮኺብኝ ብዬ ነው።»

«አሁንም እጮሃለሁ!» አለችውና እውነትም ጮኸች።

ጩኸቷ ባዶ አልነበረም። ከአምናው ጀምራ ስለ ውሃ አራዊት ያላነበበችው የለም። ከሁሉም ልቧን የወሰደው ማናቲ የሚባለው ነው። ማናቲ ሞቃት ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ሣር የሚግጥ፣ ማንንም የማይነካ ግዙፍ እንስሳ ነው፤ ፈረንጆቹ የባሕር ላም ይሉታል። ፍሎሪዳ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ እንዳይገደል ሕግ ከወጣለት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕጉ ቢወጣም ሞቱ አልቆመም። በጦር የሚወጋው ቢቀንስ በሞተር ጀልባ የሚገጨው በዛ። ስንት ጭቅጭቅ፣ ስንት ሙግት አልፎ ነው፣ እሱ በሚውልበት ውሃ ላይ ጀልባ ሁሉ ቀስ ይበል የተባለው። እዚሁ አህጉራችን በምዕራቡ በኩልም ዘመድ አለው፤ እሱም ሕግ እያለለት መረብ ውስጥ ገብቶ ይሞታል።

ዲንቄ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ተማረች። «አትግደል» ማለት ብቻ አያድንም፤ መሄጃውንም መተው ያስፈልጋል። በኛም አገር ጉማሬን ያለ ፈቃድ መግደል ክልክል ነው። መንገዷ ላይ ጉድጓድ መቆፈር መግደል ነው የሚል ግን አላገኘችም።

ችግሩ፣ አስተማሪ ናትና ሁሉን ነገር ከሥሩ ነው የምትጀምረው። የየትኛውም ቢሮ በር ስትገባ አፏን የምትከፍተው በማናቲ ነበር።

የዓሣ ሀብት ክፍሉ ሰውዬ በትዕግሥት አዳመጣት። «ይቅርታ መምህርት፣ ይሄ ማናቲ ዓሣ ነው?»

«አይደለም።»

«ጉማሬስ?»

«እሷም አይደለችም!»

«እኛ እኮ የዓሣ ነን» አለና በሩ ድረስ ሸኛት።

የዱር እንስሳ ክፍል ያለችው ወጣት ደግሞ «ቦታው ፓርክ ውስጥ ነው?» አለቻት።

«ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነው።»

«አይ፣ ፓርክ ውስጥ ብትሆን ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር!»

«እሺ፣ ሄጄ ፓርክ ግቢ እላታለሁ» አለች ዲንቄ። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

የግብርናው ባለሙያ የባሰ ነበር። ሰብል የሚያበላሽ ከሆነ በተባይ በኩል ሊያየው እንደሚችል ነገራት። «ጉማሬ? ተባይ?» አለችው። «በምንድን ነው የምትረጯት?» ሰውዬው አኩርፎ ወደ ስልኩ ዞረ።

እንዲህ እየዞረች ሳምንታት አለቁ። ሚኒባስ ውስጥ ለጎኗ ተሳፋሪ ስታስረዳ የሰማት ረዳት «ማዘር ማናቲ» የሚል ስም አወጣላት፤ ስሙም ከፌርማታ ፌርማታ ተዛመተ። ዋፊቃ እንኳ፣ ቤቷ ሥር ሱቅ ያላት ጓደኛዋ፣ አልማረቻትም።

«ዲንቄ፣ አሜሪካኖቹ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው ነበር ያልሽው?»

«እንደው የሰው ዕድሜ ሙሉ።»

«ታዲያ አንቺን ምን ያንገበግብሻል? ቁጭ በይና ሻይሽን ጠጪ!»

ዲንቄ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትጸልይ እንኳ ሐሳቧ ጉድጓዱ ጋ ነበር። ጌታ ሆይ፣ አንድ የሚሰማ ሰው ስጠኝ፤ አንድ።

ኢተፋ እንደገና ደወለ። «ኤክስካቫተሩ ቅዳሜ ይገባል። የዚያኑ ቀን ሽማግሌዎቹ ለድንበር ጉዳይ ስለሚቀመጡ፣ ከፈለግሽ መጥተሽ ተናገሪ። ማናቲሽን ግን አዳማ ትተሽው ነይ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበት ግራር ሥር ስትደርስ ማሽኑ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ ጥላው ሥር ጋደም ብሏል። «አከም ቡልተን» ብላ ሽማግሌዎቹን ሰላም አለች። ሰብሳቢያቸው ኦቦ ደገፋ ከዘራቸውን ተደግፈው «ተናገሪ ልጄ» አሏት። ትታው ልትመጣ ነበር፣ ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት። «ፍሎሪዳ በምትባል አገር ማናቲ የሚባል...»

«ጀመረች!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ ፈነዳ። ኢተፋ አንገቱን ደፋ።

ያኔ ትዕግሥቷ አለቀ። «ሳቁ! አምና ስትሞትም ቆማችሁ አይታችኋል! ቢሮ ብሄድ ዓሣ አይደለችም ይሉኛል። ፓርክ ውስጥ አይደለችም ይሉኛል። ተባይ ናት ይሉኛል። እዚህ ደግሞ ይሳቅብኛል። ምን ብትሆን ነው ሰው የሚሰማላት? የባሕር ላም ነው ያልኳችሁን እንስሳ ተዉት፤ አልነግራችሁም!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ኦቦ ደገፋ ቀና አሉ። «ላም አልሽ? ምን ይበላል?»

«ሣር» አለች በንዴት።

ወደ ኢተፋ ዞሩ። «ያንተይቱስ? ሽንኩርትህን ትበላዋለች?»

«ኧረ አትበላም አባባ፤ ትረግጠዋለች እንጂ። የምትበላው ማዶ ሄዳ ሣር ነው።»

«ልጅ አላት?»

«አንድ ትንሽዬ ትከተላታለች።»

«ጥጃ ነዋ!» አሉ። ከዘራቸውን ወደ ማሳው ቀሰሩት። «የምትወጣበት መንገድ ድሮ የምን መንገድ ነበር?»

የሚያውቁት ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ኢተፋ ጉሮሮውን ጠረገ። «የከብት ነበር፤ ውሃ የምናጠጣበት።»

«የከብት የውሃ መንገድ ይታረሳል?»

«አይታረስም አባባ። ግን ከብቱ አልቋል፤ ሁላችንም ሽንኩርት ላይ ነን። ባዶ ነው ብለን...»

«ከብቱ ቢያልቅ መንገዱ አለቀ? ሣር የሚበላ፣ ውሃ የሚሻ፣ ጥጃ የሚያስከትል እየሄደበት ነው። ባዶውን አላረሳችሁም፤ መንገድ ነው የዘጋችሁት።»

ዲንቄ ቆማ ቀረች። ዓመቱን ሙሉ ባሕር ማዶ ስትፈልገው የነበረው ሕግ፣ ልጅ ሆና ጥጃ እየነዳች የሄደችበት መንገድ ላይ ተኝቶ ኖሯል። እሷም ረስታው ነበር።

ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ገሚሱ «ሽንኩርታችንስ?» ብሎ ጮኸ፤ ኢተፋም አብሮ ጮኸ። በስተመጨረሻ ግን ተቆረጠ፤ መንገዱ ለከብት በነበረው ስፋት ይተዋል፣ ግራና ቀኙ በእሾህ ይታጠራል፣ ጉድጓድ አይቆፈርበትም። ኦቦ ደገፋ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ፤ ሸንጎው «ሃ ቡሉ!» አለ፣ ይጽና እንደማለት ነው። የማሽኑ ሾፌር ነቅቶ ጉድጓዱ የት እንደሆነ ቢጠይቅ «ወደመጣህበት!» አሉት።

ዲንቄ በደስታ ዘለለች እንዳልላችሁ። የሐይቁ ዳርቻ ረጅም ነው፤ ሌሎቹ መንደሮች ዛሬም ይቆፍራሉ። ቢሮዎቹም እዚያው ናቸው። ኢተፋ ደግሞ ያጣውን መደብ እያየ አኩርፏል። «ለጉማሬ ያዘነች እህት፣ ለወንድሟ አላዘነችም!» አላት።

«አንተማ ብትወድቅ ጮኸህ ትጠራኛለህ» አለችው። ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ እሾህ ለመቁረጥ ሲሄድ ተከተለችው፤ አመሻሹ ላይ ለመመለስ ባጃጅ ስታስቆም እጇ ተቧጭሮ ነበር። ይህን ሁሉ ለእኔ ለጎረቤቷ የነገረችኝ ያንኑ እጇን እያሳየችኝ ነው።

ዋፊቃ ግን ገና አልሰማችም! ሱቋን ሳትዘጋ ልድረስባት፤ ይህን ሌላ ሰው ቀድሞኝ ቢነግራት አልችለውም።