ውድ እናቴ በእንግሊዝኛ

ከቱሉ ዲምቱ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ጥርሱን በስቴኪኒ ይጎረጉርና ያወጣውን በወንበሩ ጨርቅ ላይ ይጠርጋል። ሽቶው ያፍናል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ግን በእድፍ ጠቁሯል። ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ ለቲክቶክ ተከታዮቹ እንግሊዝኛ ያስተምራል።

«የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤተሰብ ነው። ማይ ዲር ማዘር፤ ውድ እናቴ። አይ ላቭ ማይ ሆም፤ ቤቴን እወዳለሁ» ይላል ፈገግ ብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ።

አጠገቡ ዘንቢል የታቀፉ አሮጊት ተቀምጠዋል። ድንገት ሳላቸው ተነሳባቸው። ሰውዬው ቀረጻውን አቁሞ በክርኑ ገፋቸው።

«እማዬ፣ አፍሽን ያዢ እንጂ። አበላሸሽብኝ እኮ። ቤት ቅሪ ብዬሽ ነበር።»

ከዚያ ያንን ፈገግታውን መልሶ ለጠፈና «ማይ ዲር ማዘር» ብሎ እንደ አዲስ ጀመረ።

ቃሊቲ ስንደርስ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያቸው ወርዶ ሄደ። ዘንቢሉን ተቀብዬ፣ እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው።

«እማማ፣ እውነትም ቤት ቢቀሩ አይሻልዎትም ነበር?» አልኳቸው።

«‹ውድ እናቴ› ሲል ልሰማው ብዬ ነው የምከተለው፣ ልጄ» አሉኝ፣ በዓይናቸው እየፈለጉት። «ቤት ውስጥ እኮ አይለኝም።»