ጋሼ ደስታ ያልጎረሱት ጉርሻ

አራተኛ ክፍል እያለሁ ከሐናን ጋር በትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። ሐናን ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ካስልሪጅ በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ ቤት ሦስት ቤት አልፋ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። እሷ የሰለሙ ታዋቂ ሰዎችን ትቆጥራለች፤ አንድ ቦክሰኛ፣ አንድ ራፐር፣ አንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች። እኔ ደግሞ ክርስቲያን የሆኑትን እፈልጋለሁ። ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ነበረች። "ያንቺዎቹ እኮ ሲወለዱም እንደዚያው ናቸው፤ የኛዎቹ ግን፣ ላይክ፣ መርጠው ነው የመጡት" ትለኛለች። የእርጥብ ጓንት ሽታ ዛሬም ያንን ክርክር ያስታውሰኛል።

እኛ ቤት ውስጥ ደግሞ ታዋቂ ሰው ማለት ጋሼ ደስታ ነበሩ። አገር ቤት የእግር ኳስ በረኛ ነበሩ፤ አባቴ በወጣትነቱ እሳቸውን ለማየት ትምህርት ቤት እየቀረ ስታዲየም ይሄድ ነበር። በአንድ ጨዋታ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ያዳኑበትን ቀን ሲያወራ ሶፋው ላይ በጎኑ ይወድቃል። ጋሼ ደስታ ካልጋሪ መጥተው ዶቨር የሚባል ሰፈር ውስጥ ምድር ቤት መከራየታቸውን ሲሰማ እንደ ልጅ ነው የዘለለው። ብዙ ለምኖ በመጨረሻ ለአንድ እሑድ ምሳ እሺ አስባላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከጓደኞቹ ጋር ከከተማው ውጭ፣ ከኮክረን ወዲያ ወዳለ እርሻ ሄዶ በግ አረደ። ሥጋውን ከመኪናው ሲያወርድ እኔና ሐናን ደጅ ላይ ቆመን ነበር። ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት። ሳቀች።

"እሱ እኮ ያንን አይበላም።"

"ለምን አይበላም?"

"የኛ ነዋ! ከአባቴ ጋር ነው የሚሰግደው።" ወዲያው አፏን በጓንቷ ያዘች። "ፕሮሚስ አድርጊ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናቱ ገና አልነገራትም። አባቴ ከሰማ ይገድለኛል።"

ቃል ገባሁ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን እንደማይበላ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ልደቴ ላይ ሐናን ኬኩን ብቻ ስትበላ አይቼ ነው ያወቅኩት። በግዋ ደግሞ በስመ አብ ተብሎ ነው የታረደችው። ያን ቀን ሙሉ እናቴን ሽንኩርት በመላጥ እየረዳሁ ለመናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ብናገር የሰው ምስጢር አወጣለሁ። ዝም ብል ሰውዬው በኛ ቤት፣ በአባቴ እጅ፣ የማይበሉትን ሊበሉ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ደስታ መጡ። ረጅም፣ ጣቶቻቸው የተጣመሙ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። አብረውን የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ኃይሉ ነበሩ፤ አውቶቡስ የሚነዱ፣ የተማሩት በአማርኛ የሆነ ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ ሳያሾፉ የማይበሉ። ማዕዱ ቀረበ። ጋሼ ደስታ አይቡንና ሰላጣውን ዳር ዳሩን እየቆረሱ ነበር። እኔ ከጣቶቻቸው ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።

"በረኛው!" አሉ ጋሼ ኃይሉ። "ምነው ሥጋውን ሸሸኸው? ላንተ እኮ በእጅ መንካት ይፈቀዳል!"

ሁሉም ሳቀ። ጋሼ ደስታም ሳቁ፤ ግን ጆሯቸው ሥር ላብ አየሁ። አባቴ ከጥብሱ መሃል መርጦ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለና ተነሣ። "በሞቴ! ይቺን ከኔ እጅ ካልጎረስክ ቤቴ መጣህ አልልም።" ጋሼ ደስታ ጉርሻውን አዩ፣ አባቴን አዩ። ከንፈራቸው ሲላቀቅ አየሁ።

"አባዬ ተው!" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። "ጋሼ ደስታ ሙስሊም ናቸው!"

እናቴ "ምን አልሽ አንቺ?" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። አባቴ እጁ እንደተዘረጋ "ይቅርታ፣ ልጅ ናት" ማለት ጀመረ።

"እውነቷን ነው" አሉ ጋሼ ደስታ። "ሦስት ወር ሆነኝ።"

የጋሼ ኃይሉ ሹፈት ከፊታቸው ጠፋ። "ደስታ፣ ምን አድርገንህ?"

"ማንም ምንም አላደረገኝም ጋሼ ኃይሉ። ወድጄ ነው።"

አባቴ ጉርሻውን የራሱ ፊት አስቀመጠና እጁን ጠረገ። "ታዲያ ዝም ብለህ ልትጎርስ ነበር?"

"እንጃ። እጅህን መመለስ ከበደኝ።"

ከዚያ በኋላ ማንም አልበላም። እናቴ ብቻ ተነሥታ ካርቶኑ ውስጥ የቆየ፣ የኛ ሥጋ ያልነካው አዲስ መጥበሻ አወጣች፤ ወረቀቱን ቀድዳ፣ አጥባ፣ በዘይት እንቁላል ጠበሰችላቸው። ጋሼ ደስታ እንቁላሉን በዳቦ እስከ መጨረሻው በሉ።

አባቴ ሊያደርሳቸው ሲነሣ እኔንም "መኪና ውስጥ ግቢ" አለኝ። ዶቨር ድረስ ወሰድናቸው። በራቸው ላይ ፓርክ አድርጎ ሞተሩን ሳያጠፋ "አሁን ማን ነው የሚሉህ?" ሲል ጠየቃቸው።

"አብዱልከሪም። አንተ ደስታ በለኝ።"

አባቴ ስሙን አንዴ በቀስታ ደገመውና በሩን ከፈተላቸው። ስንመለስ ሐናን እንደነገረችኝ አወጣጣኝ። አልተቆጣም። "ምስጢሯን እንዳወጣሽ ነገ ራስሽ ሄደሽ ንገሪያት" ብቻ አለኝ። ነገርኳት። በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ አልተቀመጠችም።

የከፋው ግን ሌላ ነው። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ አላውቅም፤ ሳምንት ሳይሞላ አዲስ አበባ ገባ። እናታቸው ከልጃቸው ሳይሆን ከጎረቤት ሰሙ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጋሼ አብዱልከሪምን ልጆች በሚያሠለጥኑበት ሜዳ አገኘኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ለሥጋው ከሆነ አድነሽኛል" አሉ። "ለእማዬ ከሆነ... ሁለት ዓመት አላናገረችኝም።" ከዚያስ ብዬ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ። "ከዚያማ እናት ናት። ግን በራሴ አፍ ልነግራት ነበር። ቃላቱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።"

ያኔ ትልቁ ጭንቀት ጉርሻው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እገሌ ሰለመ የሚል ወሬ ስልኬ ላይ ሲመጣ፣ ከሥሩ ግማሹ እልል ሲል ግማሹ ሲሳደብ፣ ለማንም አላስተላልፍም። ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ምናልባት እናቱ ገና አልሰማች ይሆናል።