የታንጉ ቤትና የአባቷ መርዶ

አማረች አጭር ናት፤ ቁጣዋ ግን ረጅም ነው። አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኔ ሥር ባለው ፎቅ ትኖራለች። በፈረንጆች 1991 ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር የመጣነው በአንድ አውሮፕላን ነው፤ እሷ ያኔ ገና ኮረዳ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትቆጣኝ ኖራለች፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

በኢንዱስትሪ ቀጠናው ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ዕቃ ስታሽግ ብዙ ዓመት ሠራች። ወገቧ እምቢ ሲላት ኮርስ ተማረችና አንዲት ዓሙታ፣ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ማለት ነው፣ ቀጠረቻት። ሥራዋ ባል የሚደበድባቸው ሴቶች ከመጠለያ ሲወጡ ቶሎ ቤት እንዲያገኙ ማድረግ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። መጠለያው ለዘላለም አያኖርም። አከራይ ደግሞ ዋስ ይላል፣ የደመወዝ ወረቀት ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያ ይላል። ቤት ያጣች ሴት የምታውቀው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የደብዳቢዋ በር ነው።

ለኪራይ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። ለጋሾች ስማቸው የሚለጠፍበትን ነገር ይወዳሉ፤ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ኮምፒውተር። ኪራይ ላይ ስም አይለጠፍም። ቤቱ ምስጢር ስለሆነም ፎቶ አይነሱበትም። አንድ ቀን የማኅበሩ ኃላፊ ኢሪት አማረችን ይዛ ለጋሾች ፊት ቀረበች። አንዱ «ቤቶቹን ማየት እንችላለን?» ቢል፣ አማረች «እናንተ ካያችሁት ባልየውም ያየዋል» ብላ አፉን አስያዘችው። ኢሪት ጠረጴዛ ሥር እግሯን ረገጠቻት አሉ። የሆነ ሆኖ ገንዘቡ ተገኘ፤ ግን ለአንዲት ሴት አንድ ቤት፣ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ። አድራሻው ከታወቀ ሁለተኛ ቤት የለም፤ ወደ መጠለያ መመለስ ነው።

በዚህ ገንዘብ ቤት ካገኙት አንዷ ታንጉ ናት። ያደገችው ሐዴራ ከተማ ነው። ባሏ ጌዴዎን መንጋጋዋን ሰብሮታል። እንዳይቀርባት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወጥቶበታል፤ ትእዛዝ ግን ወረቀት ነው፣ ወረቀት ቡጢ አይመልስም። አማረች እዚሁ ከተማ፣ አፉላ ኢሊት ሰፈር ቤት አገኘችላት። ዕቃዋን በእኔ መኪና ስላመላለስን ቤቱን ከማኅበሩ ሰዎች ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ትልቋ ልጅ ሽሪ ትምህርት ቤት ገባች። ትንሹ ናዳቭ በእንቅልፉ መጮሁን ተወ። ታንጉም ቀስ በቀስ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በዚያው ክረምት የታንጉ አባት እዚያው ሐዴራ ከተማ ሞቱ።

በሞቱበት ቀን ከሰዓት በኋላ አማረች ቤት ተቀምጠን ሳለ የሟቹ ወንድም አባባ ይርዳው መጡ። ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ታንጉ ከባሏ ሦስት ጊዜ ስትሸሽ ሦስቱንም ጊዜ አስታርቀው የመለሷት እሳቸው ናቸው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

«አማረች ልጄ፣ ቀብሩ ነገ ቀትር ላይ ነው። ልጅቱ መርዶዋን መስማት አለባት። ቤቷን ንገሪኝና ጎህ ሲቀድ ዘመድ ይዤ ልሂድ።»

«እኔ እነግራታለሁ።»

«አንቺ? ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ሰው እንደሌላት? ወንድሜ ውሻ ነው እንዴ የሞተው?»

እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በአንድ ሰውም አይነገርም። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ብዙ እጅ እንዲኖር ነው። እኔም የእናቴን መርዶ የሰማሁት እንዲያ ነው፤ ያ ሁሉ እጅ ባይኖር ኖሮ አልነሳም ነበር።

አማረች ግን ፊቷን አጠቆረች። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክቶቬቱን አልሰጥም። ለእርስዎ አድራሻ ሰጠሁ ማለት ለጌዴዎን ሰጠሁ ማለት ነው።»

«እኔ እነግረዋለሁ ትያለሽ?»

«አይነግሩትም። ይዘውት ይመጣሉ እንጂ። አማች ነዋ!»

አባባ ይርዳው ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ያቀረብንላቸውን ውሃ ሳይነኩ ወጡ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ።

«አሁኑኑ እንሂድና እንንገራት» አልኳት። አማረች እምቢ አለች። ሲመሽ መርዶ አይነገርም፤ ሐዘንተኛ ሌሊቱን ተኝቶ ይደር ይባላል። ለሽማግሌ ያልታዘዘችው ሴትዮ ለዚህ ታዘዘች። «አንዲት ሌሊት ትተኛ፣ ሸዋዓለም» አለችኝ። ታንጉ የስልክ ቁጥሯን ከቀየረች ወዲህ ከዘመድ ጋር ስለማትገናኝ ወሬው አይደርሳትም ብለን ተጽናናን።

ብዙም ሳይቆይ ስልካችን ጮኸ። በማኅበረሰባችን የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ አባባ ይርዳው አጽፈዋል፤ «የታንጉ አባት አርፈዋል። መርዶ እንድንነግራት ቤቷን የሚያውቅ ሰው ይጠቁመን።»

ሕዝባችንን አውቀዋለሁ። ለስብሰባ ሲጠሩት ይለግማል፤ ለለቅሶ ግን አንድም ሰው አይቀርም። አንዷ «አፉላ ኢሊት ሱፐርማርኬት ውስጥ ሁለት ልጆች የያዘች አዲስ ሴት አይቻለሁ» ብላ ጻፈች። ሌላው «ልጅቱ ከልጄ ጋር ትማራለች» አለ። ሦስተኛው ሌሊቱ ከገፋ በኋላ መንገዱን ጠቆመ። ሁሉም «እግዚአብሔር ያጽናት» እያለ ነው የሚጽፈው፤ አንድም ሰው በክፋት አልጻፈም። ጌዴዎንም እዚያው ቡድን ውስጥ ነበር። አማረች ይህን ስታይ ወደ እኔ ፎቅ ወጥታ በሬን ደበደበች።

ሲነጋጋ በእኔ መኪና ወጣን። ታንጉ የምትኖርበት መንገድ ላይ ደረስን። መኪኖች በሁለቱም ወገን ቆመዋል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ። መንገዱን አውቀውታል፣ ሕንፃውን አላወቁትም፤ መብራት የሚበራበትን መስኮት ይጠብቃሉ። አንዲት ነጭ መኪና ውስጥ አባባ ይርዳው አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። መሪውን የያዘው ጌዴዎን ነበር። ፎቶውን አማረች አሳይታኛለች። ፖሊስ ብንጠራ ደግሞ የቱ ሕንፃ እንደሆነ ይታወቃል።

«ዝቅ በይ!» አለችኝ አማረች።

«ዝቅ ብዬ በምን ልንዳ?»

እሷ ከኋላው ወንበር ሥር ገባች፤ ማጠርም አንድ ቀን ይጠቅማል። ዞሬ ከሕንፃው ጀርባ፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ አቆምኩ። አማረች ደወለች።

«ታንጉ፣ መብራት አታብሪ። ልጆቹን አልብሺና በጓሮው በር ውረጂ።»

«ማ ካራ? ምን ሆነ? ጌዴዎን ነው?»

«ውረጂ ብቻ፣ እኅቴ።»

ወረደች። ናዳቭን አቅፋለች፣ ሽሪ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሦስቱም ከአማረች ጋር ተደራርበው ተኙ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩባቸው። መውጫው ግን አንድ ነው፤ በነጯ መኪና አጠገብ ማለፍ አለብኝ። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ጌዴዎን ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን መልሶ ወደ መስኮቶቹ አነሳ። አሮጊት ማንም አያይም፤ በዚህ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አማረች ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው አስነዳችኝ። ከድሮ ፋብሪካዋ ጀርባ አቆምን። እዚያ ማሽኖቹ ይጮኻሉ፤ ሰው ቢጮህ አይሰማም። በሰፈሩ ውስጥ ብታለቅስ ኖሮ ድምፁን የሰማ ሁሉ ለለቅሶ ይገባባት ነበር። ልጆቹን ዳቦ ልግዛላችሁ ብዬ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወሰድኳቸው። ዞር ስል አማረች ታንጉን በሁለት እጇ ይዛታለች። ታንጉ ተንሸራታ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። አማረች አብራት ወደቀች። ድምፅ አልሰማሁም። ያ ሁሉ እጅ መሆን የነበረበት ቦታ የአንዲት አጭር ሴትዮ እጅ ብቻ ነበር፤ እኔም በሽሪ ፊት ላለማልቀስ ከንፈሬን ነከስኩ።

ስንመለስ ታንጉ ዓይኗ አብጦ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች። «ስልኩን ስጪኝ፣ እትዬ። ለአባባ ይርዳው እኔው ልንገራቸው» አለች። አማረች ቁጥሩን ደብቃ ደወለችላት።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። መርዶዬን ሰምቻለሁ። ከእንግዲህ አትፈልጉኝ።»

የሽማግሌው ድምፅ ተሰበረ። «ማን ነገረሽ? አማረች? ብቻሽን? ወይኔ ልጄን! ሰው የሌላት አደረገችሽ!»

«ሰውማ ነበረኝ፣ አባባ። ሦስት ጊዜ ወደሱ የመለሰኝ ሰው ነው። አሁንስ ማን ነው አጠገብዎ የተቀመጠው?»

የነጯ መኪና ሞተር በስልኩ ይሰማል። ሽማግሌው «ሰማሁ» አሉ፤ ዘጉትም። ወዲያው ቡድኑ ላይ መልእክት መጣ፤ «መርዶው ተነግሯል። ሰው ሁሉ ወደ ሐዴራ ይመለስ።» መርዶ ከተነገረ ቤት መፈለግ ምክንያት የለውም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ብቻዬን ሄጄ ሳይ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ሕንፃውን ማንም ስላላወቀው ቤቱ ገና የታንጉ ነው።

አሁን የቀብሩ ነገር ቀረ። ታንጉ ልሂድ አለች። «አባቴን አፈር ሳላለብስ?» አማረች አልከለከለችም። «መብትሽ ነው፣ ፖሊስም እንጠራለን። ስትመለሺ ግን ማን እንደሚከተልሽ አላውቅም» አለቻት። ታንጉ ናዳቭን አየች፣ ሽሪን አየች። «ወደ ቤት መልሱኝ» አለች።

ቀትር ላይ ሦስታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን፣ ታንጉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳለ የአማረች ስልክ ጮኸ፤ አባባ ይርዳው ናቸው። አማረች አነሳችው። ነፋስና ለቅሶ ይሰማል። ከዚያ የቄሱ ጸሎት መጣ። ሽማግሌው ስልኩን መቃብሩ አፍ ላይ ይዘውላታል። ድምፁን ቀንሰን ሦስታችንም ጆሯችንን አስጠጋን። ታንጉ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታለቅሳለች።

በመካከሉ የወንድ ድምፅ ቅርብ ሆኖ ተሰማ። «ከማን ጋር ነው? እሷ ናት? የት ነኝ አለች?» ጌዴዎን ነው። ታንጉ ዘላ ተነሳች፤ እጇ የበሩን ቁልፍ ያዘ። 

«የት እንዳለች አላውቅም» አሉ አባባ ይርዳው። «አልጠየቅኳትም፤ አልጠይቃትምም። ደግሞም እሷን ሦስት ጊዜ ወደ አንተ የመለስኳት እኔ ነኝ፤ አራተኛ የለም። አካፋውን ያዝና አፈርህን መልስ።»

ጌዴዎን ሲሄድ የእግሩ ድምፅ ተሰማ። ታንጉ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳችና እዚያው በሩ ሥር ተቀመጠች። አማረች ስልኩን ይዛላት ሄደች፣ አጠገቧም ተቀመጠች፤ አፈሩ በሬሳው ላይ ሲፈስ እስከ መጨረሻው ሰማን።