በገና ያልፈታሁት ጾም

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ግን አሁን በምማርበት ሚዛን ከተማ፣ ከዶርማችን ጀርባ የተሰጣው ቀይ ቡና ሲሸተኝ የልጅነት ንዴቴ ይመለስብኛል።

ሸኮ ስንኖር፣ በሰባት ዓመቴ፣ ቡና በደጃችን በሚሰጣበት ወቅት፣ ቱም ወደምትባል ከተማ ለሥራ የሄደውን አባቴን እግዚአብሔር ለበዓሉ እንዲያመጣልኝ ብዬ የገናን ጾም ሙሉውን ጾምኩ። አልመጣም። እናቴ ዶሮ ወጡን ስታቀርብልኝ ሳህኑን ገፋሁት።

«አልፈታም! እኔ ጾሜአለሁ፤ እግዜር ግን ቃሉን አልጠበቀም!»

«አንቺ፣ እግዜርን ታኮርፊያለሽ?» አለች። «ልጄን እሰጣችኋለሁ አለ፤ ይኸው ዛሬ ተወለደልን። አባትሽን አመጣለሁ መች አለ?»

«እኔ የጠየቅኩት አባቴን ነው!»

እናቴ ወጡን ከደነችው። እሷም አልቀመሰችም።

ያኔ ያለችው አሁን ገብቶኛል፣ አምንበታለሁም። እሷም አባቴን እየጠበቀች እንደነበር ሳላይ መጮኼ ግን ዛሬም በራሴ ያናድደኛል። አባቴ መጥቶ ሁላችንም አብረን የበላነው ከጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን ነበር።