ከመቃብሩ ግራር የወጣ ገበቴ

በ2015 ዓ.ም. ሽማግሌው በባጃጅ ጭነው ያመጡልኝ የግራር ግንድ ስንጥቁ ሚኒባስ ያሳልፋል። የተረፈውን ምስጥ በልቶታል።

"አዴር፣ ይኼ እንጨት እኮ ተዝካሩ ከወጣ ቆይቷል" አልኳቸው።

አዴር በሶማሊኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ አጎትየውም የወንድሙን ልጅ በዚያው ቃል ይጠራዋል። እኔ የጅግጅጋ ወታደር ልጅ፣ እሳቸው የቱሊ ጉሌድ ከብት ነጋዴ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አዴር ተባብለናል።

አልሳቁም። ታናሽ ወንድማቸው በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ፍየል ሲጠብቅ ጥይት አግኝቶት፣ እዚያው በዚሁ ግራር ሥር ተቀበረ። ዛፉን ዘንድሮ ነፋስ ጣለው። ያኔ በእናቷ ሆድ የነበረች ልጁ ደግሞ ዓርብ ከድንበሩ ማዶ በቶጎጫሌ በኩል ትመጣለች።

"ቴምር የምታቀርብበት ገበቴ ሥራላት" አሉኝ። "ከአባቷ የምሰጣት ሌላ ነገር የለኝም።"

ግንዱን እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጸኝ ቶርኖ ላይ አሰርኩት። ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ እየሞላሁ ሦስት ቀን ታገልኩት። ሐሙስ የገበቴው ግድግዳ ሳስቶ ሲያበቃ መሮዬ ብረት ነክሶ ተሸረፈ። ቶርኖውን አጥፍቼ ሳይ ጥይት ናት። እንጨቱ አቅፏት አድጓል።

በሰጋቱራ ልደፍናት ስል ሽማግሌው ደረሱና ጣታቸውን አሳረፉባት።

"የአባትህ ትሆን?" አሉ፤ በአባቴ ወታደርነት ሁሌም እንደተረቡኝ ነው።

አፌ ከልቤ ቀደመ። "የአባቴ ብትሆን ዛፉን መች ታገኘው ነበር? ዝሆን አጠገቡ ቆሞለት ተኩሶ የሚስት ሰው።"

ሳቁ። ከዚያ ጣታቸውን ከጥይቷ ላይ አነሱ።

"የዚያን ቀን ብዙ ተተኩሷል" አሉ። "ይህችኛዋ ስታለች።"

"ላውጣት?"

"ካወጣሃት ይበሳል። ተዋት፤ ልጅቱ ትልቅ ሴት ናት፣ ራሷ ትያት።"

ሲሄዱ ዙሪያዋን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ያዝኩ። አባቴ ስለዚያ ጦርነት ሲያወራ ቤቱን በሳቅ ይገለብጠው ነበር። የት ቆሞ፣ ወደየት እንደተኮሰ ግን ነግሮኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ አሁን ደግሞ በሕይወት የለም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከአጎቷ ጋር መጣች። የእኔ እኩያ ናት። ገበቴውን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ስትዳስሰው ብረቱ ላይ ቆመች። ሽማግሌው የሆነውን ነገሯት። ወደ እኔ ዞራ በሶማሊኛ፣

"ትወጣለች?" አለችኝ።

"ትወጣለች፤ ግን ቀዳዳ ይቀራል። ወተት አይዝም።"

"ለቴምር አይደል እንዴ? አውጣት።"

በፒንሳ ይዤ ነቀልኳት። የደፈንኩት ስንጥቅ ተከፍቶ አንድ ጣት ያህል ረዘመ። ኮላዬን ላነሳ ስል ገበቴውን ከፊቴ አነሳችና በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። "ይበቃዋል" ብላ ይዛው ወጣች።

ጥይቷ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። ሽማግሌው እኔን፣ እኔ እሳቸውን አየን። ሁለታችንም እጃችንን አልዘረጋንም።