የጠንቋይዋ ምርኩዝ

ጠንቋይዋ ከመንደሩ ስትባረር ኮቴዋ እንዴት ነው የሚርቀው? የስቱዲዮ ባልደረቦቿ «ኮቴ» እያሉ የሚጠሯትን ድምፅ ሠሪ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳት ጥያቄ ይኸው ነው። በተከታታዩ የልጆች የቴሌቪዥን ተረት ውስጥ የጠንቋይዋ ፊት አይታይም። የመንደሩን ዶሮዎች ድንጋይ ልታደርግ መምጣቷ የሚታወቀው በአረማመዷ ነው፤ ምርኩዙ ቋ ይላል፣ አንዱ እግር ይረግጣል፣ ሌላው ይጎተታል። ቋ፣ ድም፣ ሽርርር።

ያ አረማመድ የእናቷ ነው። ኮቴ መጀመሪያ ጫማ በእጇ ይዛ ጣውላ ላይ ስታስረግጥ ከረመች፤ ማንከስ ግን በእጅ አልሆን አላት። በመጨረሻ እናቷን ስቱዲዮ አስገብታ ከበሩ እስከ ማይክሮፎኑ አስኬደቻት።

«ዘጠኝ ወር ተሸክሜ ወልጄሽ ጠንቋይ ታደርጊኝ?» አለች አሮጊቷ እየሳቀች።

«ዝነኛ ነው የማደርግሽ፣ እማዬ። በይ አንዴ ድገሚው።»

ዝናው አልቀረም። ድሮ ዘንቢሏን እየተሻሙ ደረጃ የሚያወጡላት የጎረቤት ልጆች፣ ምርኩዟ ቋ ሲል «መጣች! መጣች!» እያሉ በራቸውን ይዘጉ ጀመር። እናትየዋ በፊት በፊት ሳቀች፤ በኋላ ሳቋ ቀረ። አንድ ቀን ኮቴ ወጥ ቤት ቆማ ሳለ ዞር ብትል እናቷ ከኋላዋ ናት። ስትመጣ አልሰማቻትም። የምርኩዙ ጫፍ በአሮጌ ሹራብ ቁራጭ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። ምን ላድርግ፣ ሰላምታቸው ናፈቀኝ።»

ልጆቹ ግን አልተመለሱም፤ ድምፅ የሌላት ጠንቋይ ባሰችባቸው። እናትየዋ ባለፈው ክረምት አረፈች። ልጆቹ ዛሬም የእሷን በር የሚያልፉት በሩጫ ነው። ልጅ የፈራው ነገር ሲሄድ ካልሰማ፣ እዚያው ያለ ይመስለዋል።

አሁን ተረቱ ሊያልቅ ነው፤ የተቀዳው ሁሉ ግን መምጣት ብቻ ነው። ኮቴ እናቷን «ሂጂ» ብላ ቀድታት አታውቅም። ቅጂውን ገልብጣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አጫወተችው፤ ምርኩዝ ቋ ብሎ ነው የሚጠፋው፣ ሲገለበጥ ግን ከምንም ተነሥቶ ያብጥና ይቆረጣል። ድምፁን ቀነሰችው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚደንቀው፤ የቀነሰ ድምፅ ሁሉ የራቀ ድምፅ አይደለም! ከግድግዳ ማዶ ያለ ሙዚቃን አስቡ፦ ወፍራሙ ይደርሳል፣ ቀጭኑ መንገድ ላይ ይቀራል። ርቀት አስቀድሞ የሚበላው የድምፅን ስለት ነው። ስለቱን በማሽን ብትቆርጠው ደግሞ ጠንቋይዋ ትራስ ውስጥ የታፈነች መሰለች።

«ኮቴ፣ ነገ ካልደረሰ ሙዚቃ እንጭንበታለን» አላት አዘጋጁ።

ስለዚህ ዛሬ እቤት ከበሩ ጀርባ የቆመውን የእናቷን ምርኩዝ ይዛ መጣች። ድምፅ ቀጂው ከመስታወቱ ማዶ አየውና፣

«ጨርቁን አትፈቺውም እንዴ?» አላት።

«አልፈታውም። ቅዳ።»

ለማይክሮፎኑ ጀርባዋን ሰጥታ ተራመደች። ዱ፣ ድም፣ ሽርርር። ሹራቡ ስለቱን በልቶታል፤ ከሩቅ የሚሰማ ይመስላል። እግሯ ነው ያስቸገራት፤ እንደ ጤነኛ ሰው አሳምሮ ያነክሳል።

«ከበፊቱ ይሻላል» አለ ድምፅ ቀጂው።

«እሷ አይደለችም። እንደገና።»

ተመልሳ ማይክሮፎኑ ሥር ቆመች። ክብደቷን ሁሉ፣ እናቷ ታደርግ እንደነበረው፣ በምርኩዙ ላይ ጣለችና ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።