ወደ ቀራንዮ፣ የተቀበረ ዕቃ ፍለጋ

በአዲሱ ገበያ አጠገብ ከተከራየናት ክፍል በጠዋት የወጣነው እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቄ ነን። የምንሄደው ቀራንዮ፣ ጣሊያን ሲገባ ጥላው ወደ መጣችው ቤቷ ነው። ባሏ ጋሼ ደምሴ ለአርበኝነት ጫካ ሲገባ የቤቱን ዕቃ ጓሮ ቀብሮ፣ ስመለስ አብረን እናወጣዋለን ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። እሷም ዘመድ ቢለምናት ቢቆጣት ያንን ጉድጓድ አላስነካም ብላ ከረመች። አሁን ግን አዲሱ መንገድ በጓሮዋ ሊያልፍ ነው ተባለ።

ኮልፌ ላይ አንድ የካሚዮን ሾፌር ሊጭነን ሊሬ ጠየቀ። እትዬ፣ እግዜር እግሬን የሰጠኝ በነጻ ነው ብላ መለሰችው። ወንዝ ዳር አረፍ ብለን በሶ በጥብጠን ጠጣን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭቃ፣ ግራ ቀኙ ገብስና ባሕር ዛፍ፣ ፊት ለፊቱ ወጨጫ ተራራ ነው። ድሮ ለመድኃኔዓለም ንግሥ በዚሁ ስንሄድ ጋሼ ደምሴ በቅሎውን ለእኔ ለቆ፣ እሱ በእግሩ እየዘፈነ ይከተለን ነበር። ድምፁ አያምርም። ግን ምነው አሁን በሰማሁት አልኩ።

ቀራንዮ

ቤቱ ተቃጥሏል። ምልክታችን የነበረውን ወይራ የመንገድ ሠራተኞቹ ለካምፓቸው ማገዶ ቆርጠውታል። የድሮ ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ ዶማ ይዘው መጡልንና በግምት ቆፈርን።

መጀመሪያ የወጣው የእኛ አልነበረም። ከጥልቁ፣ አፉ በድንጋይ የተከደነ፣ እኛ የማናውቀው ዓይነት እንስራ ተገኘ። ውስጡ ጠቁሮ የደቀቀ እህል፣ የብረት አምባርና እንደ ምላጭ የተሳለ ባልጩት አለ። አሮጌ ነገር ነፍሴ ነው፤ የመጣሁበትን ረሳሁ።

የመንገዱ መሐንዲስ፣ ሸምገል ያለ ጣሊያን፣ አስተርጓሚውን አስከትሎ መጣ። ደስታው ሌላ ነው። በእሱም አገር መንገድ ሲቆፈር እንዲህ ያለ እንደሚወጣ፣ ሰው ጦር ሲመጣበት ዕቃውን እንደሚቀብር፣ የጥንቱን ሥልጣኔ የምናውቀውም ከዚህ እንደሆነ ነገረን። እትዬ ወደ አስተርጓሚው ዞረች።

«ባለቤቱስ ምን ሆነ? ጠይቅልኝ።»

«አልተመለሰማ፣ እመቤቴ። ቢመለስ ኖሮ መች እናገኘው ነበር ይላሉ።»

ፊቷ ዐመድ መሰለ። ቁፋሮው ይቁም አለች። መሐንዲሱ እንስራውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሄድ ቀና ብላም አላየችው። ኦቦ ቶላ ዶማቸውን አስቀመጡ። መንገዱ ሳይበላው እናውጣው ብዬ ለመንኳት። የመጣው ይምጣ ብላ ተነሣች።

ትንሽ ፈቀቅ ብለን ስንቆፍር ጋሼ ደምሴ ጉድጓዱን የከደነበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተገኘ። ዙሪያው በጭቃ ተለስኗል። አንሥተን ስናይ የመዳብ ድስቷ፣ መጥረቢያው፣ የእናታችን መጅ ሁሉም በቦታው ነው። አለመመለሱን ያወቅሁ መሰለኝ። እትዬ ግን ወደ ጉድጓዱ ወርዳ አንዱን ጥግ በእጇ ትዳስስ ጀመር።

«እዚህ ያኖረው በርኖሱ የለም» አለች። «የስንቁ ገብስም የለም።»

ሌባ ይሆናል አልኳት፣ ቀስ ብዬ።

«ሌባ የመዳብ ድስት ትቶ፣ ክዳኑን መልሶ በጭቃ ይለስናል?»

እየሳቀች ታለቅስ ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ጋሼ ደምሴ መጥቶ ነበር። እኛ ወዳለንበት ከተማ መግባት አይችልም፤ የራሱን ወስዶ የእሷን አስቀምጦላት ተመለሰ። ቢያንስ አንድ ክረምት በርኖሱን ለብሶ አሳልፏል።

ቤት

ሲመሽ ገባን። እትዬ ድስቱን በዚያው ማታ ጥዳ ሽሮ ሠራችበት።

እኔ እስካሁን ከአሮጌ ነገር የምማረው ከመሬት ከወጣው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የጎደለውም ይናገራል። ያ ሙሉ እንስራ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥና ሰው ሁሉ ያደንቀዋል፤ ለአንዲት ሴት ግን ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ባል ነው። ዛሬ ሥልጣኔ የምንለው አስፋልትና ካሚዮንም አንድ ቀን አፈር ይለብሳል፤ ያኔም የሚቆፍር አይጠፋም። ያ ሰው የእኛን ጉድጓድ ሁሉ፣ ባለቤቱ ተመልሶ አውጥቶት፣ ባዶ ያግኘው።